አንድ ሊትር እስከ ውጫሌ

ከመርሳ የወጣነው ረፋድ ላይ ነው፣ ዝናቡ እያካፋ። ጦርነቱ ወልድያ ደርሷል ተብሎ ሰዉ ሁሉ ወደ ደሴ ይተማል። እኔ ባጃጅ ነጂ ስለነበርኩ ጎረቤቱ «ሰይድ ምን ቸገረው» ይላል። ቤንዚን ግን ከጠፋ ሰንብቶ ነበር፤ የቀረችኝ በውሃ ፕላስቲክ ያስቀመጥኳት አንድ ሊትር ብቻ ናት።

እናቴ ጉልበቷን ስለሚያማት መራመድ አትችልም። እሷንና አባቴን ከኋላ አስቀምጬ ተነሳሁ። ቁልቁለት ባገኘሁ ቁጥር ሞተር እያጠፋሁ፣ ባጃጇን በራሷ እየለቀቅኩ ውርጌሳን አለፍን። ከዚያ በኋላ ግን ዳገት ነው። ባጃጇ ማቃሰት ስትጀምር አባቴ ትከሻዬን ነካ አደረጉኝ።

«አቁም እስቲ።»

ወርደው ሊገፉልኝ መስሎኝ ነበር።

«ሦስት ሆነን መንገድ ላይ መቅረታችን ነው፤ ሁለት ከሆናችሁ ትደርሳላችሁ» አሉ።

«አባባ፣ እርስዎን ጥዬ የት እሄዳለሁ?»

«ከብቶቹም ብቻቸውን ናቸው። እናትህን አድርስ። አላህ ያድርሳችሁ።»

እናቴ በሻሿ ፊቷን ሸፈነች። እኔም ሄድኩ። በስፖኪዮ ሳያቸው ጀርባቸውን ሰጥተው ወደ መርሳ ይራመዱ ነበር። ውጫሌ መግቢያ ላይ ሞተሩ ጠፋ። ባጃጇን እዚያው ትተን በጭነት መኪና ደሴ ገባን።

ስልክ ስለተቋረጠ አባቴ ይኑሩ ይሙቱ ሳናውቅ ወራት አለፉ። መንገድ ሲከፈት በሕይወት አገኘናቸው፤ ባጃጇን ግን አላገኘናትም። መተዳደሪያዬ እሷ ነበረችና፣ ዘመድ ቪዛ ልኮልኝ ሻርጃ መጣሁ።

እዚህ በሞተር ሳይክል ምግብ አደርሳለሁ። የመርሳ ፀሐይ እዚህ ጥላ ናት ብላችሁ እመኑኝ። ምድሩ ሜዳ ነው፤ ሞተር አጥፍቶ የሚወርዱት ቁልቁለት እንኳ የለም። እኛ ጋ ከመርሳ ወልድያ እስክትደርስ የተሳፋሪውን ሁሉ የቤተሰብ ጤና ታውቃለህ፤ እዚህ አውቶቡስ ውስጥ ጉልበትህን ነክቶ የተቀመጠ ሰው ሰላም አይልህም።

አንድ ቀን አለቃችን፣ ሙዲር የምንለው፣ ቢሮ ጠራኝ።

«መከታተያው ላይ ሞተርህ በቀን መቶ ጊዜ ይጠፋል። ሙሽኪላ አለ?»

«ችግር የለም። መብራት ሲይዘኝ ነዳጅ በከንቱ እንዳይነድ አጠፋዋለሁ።»

«ነዳጁ ያንተ ነው?»

«አይደለም።»

«ታዲያ ምን አገባህ?»

የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፈልኝ። ጥፋት በሚለው ቦታ ላይ «ቁጠባ» ይላል።

ባለፈው ዓርብ ለአባቴ ደወልኩ። ለዓይናቸው ወልድያ ሊታከሙ መርሳ መናኸሪያ ቆመዋል።

«አባባ፣ ያን ቀን ሲመለሱ ምን ገጠመዎት?» አልኳቸው። ሁልጊዜ እጠይቃቸዋለሁ።

«አልሐምዱሊላህ፣ አልፏል። አንተ በልተሃል?»

ከኋላቸው «ወልድያ! አንድ ሰው የቀረው!» ይላል ተራ አስከባሪው።

«ልጄ፣ ቦታው ሳይያዝብኝ ልግባ» አሉና ስልኩን ሳይዘጉት ኪሳቸው ከተቱት። እኔም አልዘጋሁትም። መኪናው ሲነሳ፣ ሰዉ ሲሰላለም፣ አንዲት ሴት «አባ፣ ወደዚህ ይጠጉ፣ መስኮቱ ይነፍስብዎታል» ስትላቸው ሰማሁ። የሰው ምግብ እጄ ላይ እየቀዘቀዘ ፎቅ ስር ቆሜ አብሬያቸው ተጓዝኩ። ወልድያ ሳይደርሱ፣ ሲሪንቃ አካባቢ መሰለኝ፣ መስመሩ ተቋረጠ።