ሳር የታሰረባቸው ጉቶዎች

ፍም ላይ ውሃ ሲደፋ የሚወጣውን ሽታ አልችለውም። ባለፈው እዚህ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር፣ ከሥራ ወጥተን እሸት ልንበላ ቆመን ሳለ ዝናብ ጀመረ። ጠባሿ ሴትዮ እሳቷን በውሃ አጠፋችው። ጢሱ ፊቴ ላይ መጣ። እሸቴን ጥዬ ሄድኩ። አንተ ከኋላዬ እየሮጥክ "ምን ነካህ? ማን ምን አለህ?" ስትል ሰምቼሃለሁ። ዝም ያልኩህ ከአፌ ሊወጣ የነበረው ስድብ ስለሆነ ነው። ስድቡ ለሴትዮዋ አይገባም። ለአንተም አይገባም።

አሁን ልንገርህ። እንዴት እንደምጀምረው አላውቅም እንጂ።

ቤታችን ከገረሴ ከተማ ቁልቁል ነው፣ የእግር መንገዱ ወደ ቆላ መውረድ ሲጀምር። ከቤቱ ጀርባ የአባቴ ጫካ ነበር። ጫካ ስልህ ትልቅ አድርገህ አታስበው። ወይራ፣ ብሳና፣ አባሎና ክትክታ የተቀላቀለበት ተዳፋት ነው። አባቴ ከአባቱ ተቀብሎታል። ከዚያ ጫካ ቤት ተሠርቷል፣ አጥር ታጥሯል፣ ማገዶ ወጥቷል፤ ግን አንድ ዛፍ ከሥሩ ተነቅሎ አያውቅም። በየዓመቱ አንዱ ወገን ብቻ ይቆረጣል፣ ሌላው ይተዋል። የተቆረጠው ጉቶ ዝናብ ሲያገኝ ያቆጠቁጣል። ከአንድ ጉቶ ብዙ ቀጫጭን ግንድ ይወጣል፤ ተራው እስኪመለስ ለምሰሶ ይደርሳል። ሰው ከላይ ያለውን ግንድ አይቶ ወጣት ጫካ ነው ይላል። ጉቶዎቹ ግን ከአያቴ ይበልጡ ነበር።

እያንዳንዱ ወገን የራሱ ነዋሪ ነበረው። አዲስ የተቆረጠው ብርሃን ይገባዋል፣ ሳር ይበቅልበታል፣ ቆቅ እዚያ ትውላለች። ትንሽ የቆየው ጥቅጥቅ ይላል፤ ድኩላ ግልገሏን የምትደብቀው እዚያ ነው። ለመቆረጥ በደረሰው ወገን ጠዋት ጠዋት ጉሬዛ ይመጣ ነበር። ፀሐይ ስትወጣ ነጭ ጭራቸው በቅጠሉ መሃል እንደ ተሰጣ ጥጥ ይታያል። ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ ድምፃቸው እስከ መንገዱ ይከተለኛል።

ቆራጩ ወንድሜ ነበር። የአባቴ ወገብ ከታመመ ወዲህ ገጀራው የእሱ ሆነ። እኔ ቅርንጫፍ እጎትታለሁ። ወንድሜ ከመቁረጡ በፊት ግንዱን በገጀራው ጀርባ ይመታዋል። ቋ፣ ቋ። ከዚያ ገጀራውን ዝቅ አድርጎ ይጠብቃል።

"ምን እያደረግክ ነው?" አልኩት መጀመሪያ ቀን።

"እያንኳኳሁ።"

"ማንን?"

"ባለቤቶቹን። አንተ ሳይንኳኳ ቤትህ ቢፈርስብህ ትወዳለህ?"

"ዛፍ በር የለውማ!"

"ለዚህ አይደል ግንዱን የምመታው፣ ደደብ!"

በጋሞኛ ነው የተባባልነው። በአማርኛ ስነግርህ ሳቁ ይጠፋል።

ሲያንኳኳ እንሽላሊት ይወጣል፣ አይጥ ይወጣል፣ አንዴ ሸለምጥማጥ ወጥታ በእግሮቼ መሃል አልፋ ሄደች። ወፍ ከወጣች ደግሞ ቅጠሉን ገለጥ አድርጎ ያያል። እንቁላል ወይም ጫጩት ካለ ረጅም እርጥብ ሳር ይነቅልና ግንዱ ላይ ያስራል። "ይቆይ" ይላል። ወደሚቀጥለው ጉቶ ይሄዳል። ሳር የታሰረበትን ማንም አይነካም። እኛ ዘንድ እርጥብ ሳር ቀላል ነገር አይደለም። ሽማግሌዎች ሳር ይዘው ከተንበረከኩ ለመግደል የወጣ ሰው እንኳ ይመለሳል። ይሄን ያዝልኝ።

ዘጠነኛ ክፍል ስገባ ወንድሜ ቆላ ወዳለው ላንቴ ወርዶ ሙዝ ማሳ ውስጥ ሊሠራ ሆነ። ከመሄዱ በፊት የዚያን ዓመት ተረኛ ወገን አብረን ዞርነው። አንኳኳ፣ አየ፣ ሳር አሰረ። ትልቁ ወይራ ሥር ድኩላዋ ገና የወለደችውን ደብቃለች። ግልገሏ ጆሮዋን ብቻ ታንቀሳቅስ ነበር። ወይራው ላይ ሳሩን ሁለት ጊዜ ቋጠረው።

"ስመለስ እቆርጠዋለሁ። እስከዚያ እነዚህን ጠብቅልኝ" አለኝ። "ዘበኛው አንተ ነህ።"

"ጠመንጃ የለኝም።"

"ምላስ አለህ። ያንተ ምላስ ጅብ ያባርራል።"

"ደመወዜስ?"

"ሙዝ። እስኪያምህ ትበላለህ።"

እየሳቀ ወረደ።

ወባ ነው የገደለው። ደገኛ ነው፣ ወባ አያውቅም ነበር። ብርድ መስሎት ብርድ ልብስ ደርቦ ተኛ። ዜናውን በአጎቴ ሞባይል ሰማን፤ ኔትወርክ የሚገኘው ጉብታው ላይ ስለሆነ አጎቴ ከዚያ ላይ እየጮኸ ሲወርድ ነው ያየሁት። አስከሬኑን በአይሱዙ እስከ መንገዱ መጨረሻ አመጡት። ከአስከሬኑ ጋር አንድ ዘለላ ሙዝ ወረደ። ወንድሜ ለእኔ ብሎ አስቀምጦት ነበር አሉ። ከመኪናው ወርዶ እቤት እስኪገባ ለቀስተኛው በላው። አንድም አልቀመስኩም። ቢሰጡኝም አልበላውም ነበር፤ ግን አንድ ሰው እንኳ "ይሄ የማን ነው?" ብሎ አልጠየቀም።

ለቀስተኛው ብዙ ነበር። ቆላ ካለው ከጫኖ ሳይቀር መጥተዋል። ለዳስ ምሰሶ ተፈለገ፣ ለንፍሮው ማገዶ ተፈለገ፣ ዝናቡም አያባራም። አጎቴ፣ ማለት የአባቴ ታናሽ፣ ሰውን የሚያዘው እሱ ነበር። "ከጓሮ እያለልን ለምን ሩቅ እንሄዳለን?" አለ። መጥረቢያ ይዘው ገቡ። የመጀመሪያውን ምት ስሰማ እናቴ አጠገብ ተቀምጬ ነበር። አላንኳኩም። ዝም ብለው መቱት።

ሮጥኩ።

"አጎቴ! እነዚህን አትቁረጧቸው! ሳር ታስሮባቸዋል!"

አጎቴ ቆመ። ሳሩን አየው፣ በእጁ ዳሰሰው።

"ማን አሰረው?"

"እሱ ነው። ከመሄዱ በፊት።"

ይህን ስል የሚተዋቸው መስሎኝ ነበር። አጎቴ ግን መጥረቢያውን ጣለና ደረቱን መታ። "ወይኔ ልጄ! አውቆታል! የለቅሶውን እንጨት ራሱ መርጦ ሄዷል!" ብሎ ጮኸ። ሰዎቹ ሁሉ አለቀሱ። እያለቀሱ ሳር የታሰረበትን ሁሉ ፈለጉ። ከሌላው አስቀድመው፣ ተሻምተው፣ ከጉቶው እኩል አድርገው ቆረጡት።

"እንደሱ አይደለም! ውስጡ ጫጩት አለ! ድኩላዋ..." አልኩ። የአንዱን ሰውዬ ክንድ ያዝኩ።

አጎቴ ዞሮ አየኝ። ዓይኑ ቀልቶ ነበር። "ለገዛ ወንድምህ እንጨት ትሰስታለህ?" አለኝ።

ከዚያ በኋላ ምን ልበል? ምላሴ ጅብ ያባርራል የተባልኩት እኔ፣ አንድ ቃል አጣሁ። ሁሉም ሰው ያየኛል። ወንድሙን የሚሰስት ልጅ።

የንፍሮውን ጎላዎችም እዚያው ጣዷቸው። የተቆረጡት ጉቶዎች ለጉልቻ ተመቻቸው፤ "እሱ በመረጠው ላይ ይብሰል" አሉ። በትልቁ ወይራ ላይ ትልቁ ጎላ ተጣደ። ለቅሶው እስኪያበቃ እሳቱ አልጠፋም። ድኩላዋ ከማዶ ስትጮህ ይሰማ ነበር፤ እንደ ውሻ ነው የምትጮኸው። ግልገሏን አትጠይቀኝ። ለቀስተኛው ውሾቹን ይዞ ነበር የመጣው።

ሰው ሁሉ ሲሄድ ፍሙ ላይ ውሃ ደፉበት። ያ ነው ሽታው። እርጥብ አመድ፣ ከሥሩ የተጠበሰ ወይራ፣ ያረረ ንፍሮ። ግማሹ የተቃጠለ የሳር ቋጠሮ አመዱ ውስጥ አገኘሁ። ስይዘው ፈረሰ።

በሚቀጥለው ዝናብ ሌላው ወገን ሁሉ አቆጠቆጠ። ያኛው ጥቁር እንደሆነ ቀረ። በየቀኑ ከትምህርት ቤት ስመለስ እየሄድኩ አየው ነበር። በጥፍሬ እፍቀዋለሁ፣ ከሥሩ አረንጓዴ ካለ ብዬ። የለም። ጉሬዛዎቹም አንድ ጠዋት መጡና ከዳር ሆነው አይተው ሄዱ፤ አልተመለሱም።

አሁን ሰዉ ምን እንደሚል ታውቃለህ? "ጫካው በሐዘን ደረቀ" ይላል። አጎቴ በየሠርጉ፣ በየለቅሶው ያወራዋል። "የቆራጩን ሞት አውቆ አላቆጠቁጥም አለ" ይላል፣ ድምፁ ይሰበራል፣ ሴቶቹ ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ። አንዴ አርባ ምንጭ አውቶቡስ ውስጥ የማላውቀው ሰው ይህንኑ ታሪክ ለጎረቤቱ ሲያወራ ሰማሁ። እኔ እያለሁ! ከፊቱ ተቀምጬ! ዛፍ በሐዘን አይደርቅም። እሳት አንድዳችሁበት ነው የደረቀው። ጉቶው ወንድሜን ከእናንተ ይበልጥ ይጠብቀው ነበር፤ ቆርጦ የሚያድነው እሱ ብቻ ነበርና። እናንተ እያለቀሳችሁ ገደላችሁት። ለቅሶ ከሆነ ሁሉም ይፈቀዳል?

ይህን ለአጎቴ ነግሬው አላውቅም። ሬሳውን ከመኪናው እስከ ቤት ያንን ሁሉ ዳገት በትከሻው የተሸከመው እሱ ነው። ሌሎቹ ሲቀያየሩ እሱ አልቀየርም አለ። ይሄ ነው የሚያናድደኝ። ክፉ ሰው ቢሆን ተሳድቤ እገላገል ነበር።

ባለፈው መስቀል አገር ቤት ሄድኩ። አባቴ አርጅቷል። ስለዚያ ቀን አንድም ጊዜ ተናግሮ አያውቅም፤ ለቅሶው ላይ ፊቱን ሸፍኖ ተቀምጦ ስለነበር ያየም ያወቀም አይመስለኝም ነበር። ወንድሜ የተቀበረው በጫካው ዳር ነው። መቃብሩ ላይ ክትክታ በቅሎበት ጥቅጥቅ ብሏል። "እንግዳ ሳይመጣ መንጥረው" አለኝ አባቴ፣ ገጀራውን እየሰጠኝ። የወንድሜ ገጀራ ነው። እጀታው መሃል ላይ ጎድጉዷል፤ ጎድጓዳው ከእጄ ይሰፋል።

መቃብሩ ጋ ደርሼ ሳላስበው ገጀራውን ገለበጥኩና ግንዱን በጀርባው መታሁት። ቋ፣ ቋ። ቆምኩ።

ቆቅ ከእግሬ ሥር ፍር ብላ ወጣች። ቅጠሉን ገለጥ ሳደርግ እንቁላሎቹ አሉ። በእጄ ጀርባ ነካኋቸው፤ ይሞቃሉ። ለረጅም ጊዜ እዚያው ቆየሁ መሰለኝ። ከዚያ ረጅም ሳር ነቅዬ ግንዱ ላይ አሰርኩ።

ስመለስ አባቴ በረንዳው ላይ ፀሐይ እየሞቀ ነበር።

"ጨረስክ?"

"ይቆይ" አልኩት።

ገጀራውን አየው፤ ስለቱ ደረቅ ነው። አንገቱን ነቀነቀ።

"ሳር አሰርክበት?"

"አሰርኩበት።"

መንገዱን አየ። አጎቴ ለበዓሉ ከገረሴ የሚመጣው በዚያ በኩል ነው።

"ሂድ ፍታው" አለኝ ቀስ ብሎ። "አጎትህ ሳያየው። ደግሞ 'እሱ መረጠው' ይላል።"

ሄጄ ፈታሁት።