ቦሩ በወንድሙ ስም

ባለፈው ወር ከመናኸሪያ ወደ እናቴ ቤት ስሄድ ባጃጅ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠው ወጣት ጉልበቱን በፋሻ ጠቅልሎ ነበር። ሙቀቱ ሸራው ስር ታፍኖ ስለነበር የተቀባው የጅማት ቅባት ሽታ አፍንጫዬን ሰነጠቀው። "ወራጅ አለ" አልኩና ሰፈራችን ሳይደርስ ወረድኩ። በቀላሉ የምደነግጥ ሴት አይደለሁም፤ መሥሪያ ቤት ውስጥ "ድንጋይዋ" እንደሚሉኝም አውቃለሁ፣ ይበሉ። ግን በልጅነቴ ነገሌ ላይ ያንን ሽታ ይዞ የሚዞር ሰው አንድ ብቻ ነበር፤ ቦሩ። ቦሩን ሳስበው በጠራራ ፀሐይም ቢሆን ጀርባዬን ይበርደኛል።

እኛ የወታደር ልጆች ነን። አባቴ ሃምሳ አለቃ ነበር፤ ደርግ ከወደቀ በኋላ ከወሎ መጥቶ ነገሌ ሲመደብ እኔ ገና ጡት አልተውኩም። ከካምፑ አጥር ጀርባ በተከራየነው ቤት የቦሩ እናት ጎረቤታችን ነበሩ። የራሳቸውን ስም ማንም አይጠራውም። እዚያ አገር ሴት ከወለደች በኋላ በመጀመሪያ ልጇ ስም ነው የምትጠራው፤ ስለዚህ ከተማው ሁሉ "ሃዳ ቦሩ" ይላቸዋል፣ የቦሩ እናት ለማለት። ወተት ይሸጣሉ። ጠዋት ሲወጡ በጭስ የታጠነው የወተት ዕቃቸው ሽታ ከእሳቸው ቀድሞ ደጃችን ይደርስ ነበር።

ከቦሩ በታች ሊበን የሚባል ልጅ ነበራቸው። እኛ ከመምጣታችን ትንሽ ቀደም ብሎ፣ በስምንት ዓመቱ፣ ወባ ገደለው። ከከተማው ወጣ ብሎ ግራር ስር ነው የተቀበረው። ስሙ በዚያ ቤት አይጠራም። አንድ ጊዜ ሳላውቅ ጠርቼው ሃዳ ቦሩ ወተት መቅዳታቸውን አቁመው፣ ከቤት እስክወጣ ድረስ ትኩር ብለው አዩኝ። ከዚያ በኋላ እንኳን ስሙን ልጠራ፣ በበራቸውም የማልፈው እየሮጥኩ ነበር።

ቦሩ ግን ሌላ ነው። አባቴ የሰጠውን አሮጌ የወታደር ጫማ አጥልቆ፣ ሰው ሁሉ ጥላ ፈልጎ በሚጋደምበት ቀትር ብቻውን ሜዳ ይወርዳል። የሜዳው አንዱ ግብ ቋሚ እንጨት አልነበረውም፤ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ኩይሳ ነበር ቋሚው። ቦሩ ከመሀል ሜዳ መትቶ የኩይሳውን አናት ያራግፈዋል። እኔ ኳስ አቀባይ ነበርኩ። ኳሱ ወደ እኔ ሲመጣ ዓይኔን ስጨፍን "አንቺ የወታደር ልጅ፣ ኳሱ ይፍራሽ እንጂ አንቺ አትፍሪው" ይለኝ ነበር። ወደድኩት። የዘጠኝ ዓመት ልጅ መውደድ የምትችለውን ያህል ወደድኩት፣ ለምን እዋሻለሁ።

በዚያ ዓመት ከአዲስ አበባ አንድ ደላላ መጣ። አረብ አገር ያለ ክለብ ተጫዋች ይፈልጋል፤ ግን ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በታች መሆን አለበት። ቦሩ ሃያ ሦስት ሞልቶታል። ደላላው ሳቅ ብሎ "ታናሽ ወንድም የለህም?" አለው። ነገሩ ከዚያች ጥያቄ ተጀመረ። የሊበን የክትባት ካርድና የአንደኛ ክፍል ወረቀት ከእናቱ ሳጥን በድብቅ ወጡ። መታወቂያ ለማውጣት ሦስት ምስክር ያስፈልግ ነበር፤ ቦሩ ቆሞ፣ ሦስት የሰፈር ሰዎች "ይህ ሊበን ነው፣ እናውቀዋለን" ብለው ማሉ። አንደኛው አባቴ ነው። እናቴ ስትቆጣው የቤት ሥራዬን እየሠራሁ ሰማሁት፤ "የሞተ ልጅ ወረቀት ምን ይሠራለታል? በሕይወት ያለው እንጀራ ይብላበት" አላት። ለሃዳ ቦሩ ማን ይንገራቸው ሲባል ሁሉም መሬት መሬት አየ፤ ማንም አልነገራቸውም።

ቦሩ ሄደ። ዓመት ሊሞላው ሲል፣ ሱቅና ሻይ ቤት የነበራቸው ሐጂ ከሞያሌ በጭነት መኪና ዲሽ አስመጡ። ቦሩ የሚጫወትበት ቀን እንደሆነ ሲሰማ የሰፈሩ ሰው ከሰዓት በኋላ ሻይ ቤቱን ሞላው። ሃዳ ቦሩን ወንበር ይዘው ከፊት አስቀመጧቸው። እናት ናቸው፣ ልጃቸውን ይዩ ብለው ነው። ከዚያ ሁሉ ሰው፣ ከሦስቱ ምስክሮች እንኳ፣ አንድም ስሙን ያሰበ አልነበረም።

ኳሱ ቦሩ እግር ስር ሲገባ ጨዋታውን የሚያስተላልፈው ዐረብ ጮኸ። "ሊበን! ሊበን!"

ሐጂ ተነስተው ድምፁን ቀነሱት፤ ግን ያ ስም ዝቅ ብሎም ይሰማ ነበር። ሃዳ ቦሩ ዞር ብለው "ማንን ነው የሚጠራው?" አሉ። ቦሩ በቴሌቪዥኑ መስኮት ጀርባውን ሲሰጠን ዓይናቸው እኔ ላይ አረፈ። "ልጄ፣ አንቺ ትምህርት ቤት ትሄጃለሽ። ጀርባው ላይ ምን ይላል?" አባቴ ከግድግዳው ጥግ ዓይኑን አፍጥጦ አየኝ። ዋሺ ማለቱ እንደሆነ ገብቶኛል። እኔ ግን የእንግሊዝኛ ፊደል ማወቄ ደስ ብሎኝ "ሊበን ይላል" አልኩ።

ይጮሃሉ ብዬ ነበር። አልጮሁም፤ ፈገግ አሉ። ያንን ፈገግታ ፈራሁት። ተነስተው ሄደው መዳፋቸውን ቴሌቪዥኑ ላይ ሲያሳርፉ መስታወቱ ጠጠጠ አለ። "ጉደቴ፣ ልጄ" አሉት በኦሮምኛ፤ አድገሃል ማለታቸው ነው። የወተት ዕቃቸውን እዚያው ትተው ወጡ።

በማግስቱ "ሃዳ ቦሩ፣ አካም?" ብሎ ሰላም ያላቸውን ሁሉ አረሙ፤ "ሃዳ ሊበን በሉኝ።" ለቀሪው ነገር አእምሯቸው እንደ ድሮው ነበር፤ የወተት ልክ አይስቱም፣ የከብቶቻቸውን ዘር እስከ አያት ይቆጥራሉ። ግን ሊበን በሕይወት ካለ ግራሩ ስር የተኛው ማን ነው? አስበውበት ጨረሱት፤ ቦሩ ነው። በየሳምንቱ ቀትር ላይ ሄደው መቃብሩ ላይ ድንጋይ እየጨመሩ "ቦሩ ኮ፣ የእኔ ቦሩ" ብለው ያለቅሱ ጀመር። ዘጠኝ ዓመት ያለቀሱበትን መቃብር እንደ አዲስ ያዙት። ሌላ ቀን ደግሞ ቦሩ መንገድ የሄደ ይመስላቸውና መቼ እንደሚመጣ ይጠይቃሉ።

በወር አንድ ጊዜ ቦሩ ሐጂ ሱቅ ይደውላል። አንድ ቀን እናቱ ሲያናግሩት አጠገባቸው ቆሜ ነበር። "ሊበን፣ ናጋ?" አሉት፣ ሰላም ነህ ለማለት፤ ቀጥለውም "ወንድምህስ?" አሉ። በስልኩ ውስጥ ቀጭን ድምፅ "ደህና ነው" ሲል ሰማሁ። የክለቡ አስተርጓሚ አጠገቡ ቆሞ እንደነበር፣ ወረቀቱ ከተነቃ እንደሚያባርሩት ቦሩ በኋላ ነገረኝ። እውነት ነበር፤ ግን "ደህና ነው" ካለ በኋላ ሌሊቱን ሙሉ የራሱን ስም ጮክ ብሎ ሲጠራ ማደሩንም ነግሮኛል።

በአራተኛው ዓመት ጉልበቱ ተሰብሮ ተመለሰ። ያንን ቅባት ተቀብቶ፣ እያነከሰ ከሚኒባስ ሲወርድ ሰው ሰላም ሊለው ፈለገ፤ በየትኛው ስም እንደሚጠራው ግን ግራ ገባው። እናቱ እግሩን አጠቡት። "ወንድምህን አላመጣኸውም?" አሉት። "እኔ እኮ ቦሩ ነኝ" አለ፤ የሆነውን ሁሉ ከደላላው ጀምሮ ነገራቸው። ሰምተው ሲጨርሱ ሁለት ጽዋ ወተት ቀዱ። አንዱን ለእሱ ሰጡት፣ ሌላውን ለቦሩ ብለው ከደኑት። ከዚያ ቀን በኋላ በየቀኑ እንደዚያ ሆነ። አንድ ቀን የተከደነውን ሊያነሳ እጁን ሲሰድ በጥፊ መቱት፤ "የወንድምህን!"

አባቴ ያን ጊዜ ጡረታ ወጥቷል። ጸጸቱ እንቅልፍ ነሳው፤ ሁለቱን ምስክሮች ይዞ ሄደ፣ እኔም ተከተልኩ። ቆመው "ይህ ልጅዎ ቦሩ ነው፤ እንምላለን" አሉ። እናትየው አንድ በአንድ አዩአቸውና ረጋ ብለው "ያኔ ሊበን ነው ብላችሁ አልማላችሁም? የትኛውን መሐላ ልመን?" አሉ። አባቴ ኮፍያውን አውልቆ ወጣ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያለቅስ ያየሁት የዚያን ቀን ነው፤ አላዘንኩለትም። ያን ስም ያነበብኩላቸው እኔ ስለሆንኩ ለራሴም አላዘንኩም።

ቦሩ ልጆች ማሰልጠን ጀመረ። "አሰልጣኝ ሊበን" ይሉታል። እናቱን እየደገፈ ግራሩ ስር ይወስዳቸዋል፤ ለራሱ ሲለቀስ ቆሞ ይሰማል፤ ድንጋይም ያቀብላል። አንድ ቀን ሜዳ ዳር ተቀምጠን፣ በልጅነቱ ወባ ይዞት ትኩሳቱ ሲበረታ ግንባሩ ላይ ያደረጉለት እርጥብ ጨርቅ እንዴት እንደቀዘቀዘው ያወራኝ ጀመር። "ያ ሊበን ነው እንጂ አንተ አይደለህም" አልኩት። "አዎ" አለ ቀስ ብሎ፣ "እኔ ጨርቁን የምነክረው ነበርኩ።"

እናቱ ሲሞቱ የመጨረሻ ቃላቸው "ሊበን፣ ቦሩ ሲመጣ ወተቱን ስጠው" ነበር። የሚከለክለው ሰው ስለሌለ አሁን ስሙን ይመልሳል ብዬ ጠበቅኩ። እኔም በዚያን ጊዜ የልደት ምዝገባ ጸሐፊ ሆኜ ስለነበር እንደሚመጣ እርግጠኛ ነበርኩ። መጣም፤ ግን ከሁለት ዓመት በኋላ፣ የተኛ ሕፃን ትከሻው ላይ አድርጎ።

"የአባት ስም?" አልኩት።

"ሊበን።"

"የልጁስ?"

"ቦሩ።"

ብዕሬን አስቀመጥኩ። "አንተ ቆመህ እያለህ በራስህ ስም?"

"ቦሩን እናቴ አልቅሳ ቀብራዋለች" አለኝ፤ "ይህ ሌላ ነው። ጻፊው፣ እህቴ።"

ጻፍኩት። ማህተም እስኪመታ ውጭ ጠብቅ አልኩት። ወረቀቱ ሲያልቅ፣ እንደ መሥሪያ ቤታችን ልማድ፣ መስኮቱ ላይ ቆሜ የባለቤቱን ስም ጠራሁ። "ቦሩ!" ሕፃኑ እንደተኛ ነው። በረንዳው ላይ ሰው ተጨናንቋል። እሱ ግን ከአግዳሚው ዘሎ ተነሳ፤ ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ በዚያ ስም ሲጠራ ሰምቶ፣ "አቤት" አለ።