አሥራ ስድስት ያልኩበት ጠዋት

የስልኬ ካሜራ «ቀጭ» ባለ ቁጥር ግራ ጆሮዬ ይግላል። ይህን ለሰው ባወራ ይስቅብኛል፤ ግን አባቴ ላሊበላ ውስጥ ፎቶ አንሺ በነበረበት ዘመን፣ ያቺ ድምፅ ከመሰማቷ በፊት ጆሮዬ አብዛኛውን ጊዜ በጣቶቹ መካከል ነበር።

የአባቴ ካሜራ ብርሃን መለኪያው ከተበላሸ ቆይቶ ነበር፤ እሱም ዓይኑን የሚያህል መለኪያ እንደሌለ ይምል ነበር። በበጋ ተሳላሚው ከየአገሩ መጉረፍ ሲጀምር፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ ቤተ ክርስቲያን ደጅ አቁሞኝ፣ መሬት ላይ የወደቀውን ጥላዬን እያሳየ የሌንሱን ቁጥር ያስጠናኝ ነበር። የጥላው ጠርዝ በምላጭ የተቆረጠ ከመሰለ አሥራ ስድስት፣ ከደበዘዘ አሥራ አንድ፣ ደመና ከበላው ስምንት፣ ቀዩ ድንጋይ ከጋረደው አምስት ነጥብ ስድስት። ቁጥሩ ባነሰ መጠን በሌንሱ ብዙ ብርሃን ይገባል። «ስንት?» ይለኝ ነበር፤ ከተሳሳትኩ ጆሮዬን እንደ ሌንሱ ቀለበት ያዞረዋል፣ ቆሞ የሚጠብቀውም ሰው ይስቃል። ካገኘሁት ግን ዝም ይላል። አሥር ዓመቴ ነበር፤ ያቺን ዝምታ ለማግኘት ስል መንገድ ለመንገድ ጥላ እያየሁ እሄድ ነበር።

አባቴ ክፉ ሰው ነበር ማለት ለልጅ ይከብዳል፤ ግን ነበር። የሰው ሠርግና ክርስትና ሲያነሳ እየዋለ ለእኛ አንዲት ፎቶ አላነሳም። እናቴ «አንድ ቀን እንኳ ልጆቼን አንሳልኝ» ስትለው፣ «ፊልም ከምንጭ የሚቀዳ መሰለሽ?» ብሎ አፏን ያስይዛት ነበር።

ክረምት ሲገባ ጭጋጉ ከተራራው ወርዶ ደጃችን ላይ ይተኛል፣ ተሳላሚ ይጠፋል፣ አባቴ ቤት ይውላል፣ እኛም ትንፋሻችንን ውጠን እንውል ነበር። ታላቅ ወንድሜ ሲሳይ በጅቡቲ አድርጎ ወደ ሳዑዲ ለመሻገር የወሰነው በአንዱ እንዲህ ያለ ክረምት ነው። የቀላ ጆሮዬን በመዳፉ ሸፍኖ እስኪበርድልኝ አጠገቤ የሚቀመጠው እሱ ነበር።

ኅዳር ላይ፣ ሊሄድ በተነሳበት ጠዋት፣ እናቴ አባቴን ደጅ ላይ ያዘችው። «በቅዱስ ላሊበላ ይዤሃለሁ፣ አንዲት ብቻ አንሳልኝ፤ ሲናፍቀኝ የማየው።»

ፊልሙ ውስጥ የቀረችው አንዲት ብቻ ነበረች። ሲሳይ እናቴ የፈተለችለትን አዲስ ጋቢ፣ እንደ አገራችን ወንድ ለጠዋት ብርድ፣ ከነራሱ ተከናንቦ ፀሐዩን ከኋላው አድርጎ ቆመ። አባቴ ወደ እኔ ዞሮ «ስንት?» አለኝ።

መሬቱን አየሁ፤ የወንድሜ ጥላ ወደ እኛ ጥርት ብሎ ተኝቷል። ትከሻው ላይ የጋቢው ንጣት ዓይን ይወጋል። እንባዬን ዋጥ አድርጌ «አሥራ ስድስት» አልኩ። አባቴ ወንድሜን አየው፣ እኔን አየኝ፣ ቀለበቱን አሥራ ስድስት ላይ አድርጎ አነሳ። ጆሮዬን አልነካኝም። ደስ አለኝ፤ ወንድሜ በሚሄድበት ቀን ደስ አለኝ።

ፊልሙ ወልድያ ታጥቦ ሲመጣ የገና በዓል ደርሶ ነበር። ፎቶው ላይ በትከሻው በኩል የጋቢው ክር አንድ በአንድ ይቆጠራል፤ ከጋቢው ውስጥ ግን ፊት የለም፣ ጥላሸት ነው። መሬት ላይ ያለውን ጥላ አይቼ ፊቱ ላይ ያለውን ረስቼው ነበር።

መርዶው የመጣው ከፋሲካ በኋላ ነው። የተሳፈሩባት ጀልባ ባሕር ላይ መስጠሟን አብሮት የሄደ ልጅ ደውሎ ተናገረ። በእኛ ዘንድ ሬሳ ከሌለ የሚለቀሰው በሟቹ ልብስና በፎቶው ነው፤ ያን ጋቢ ደግሞ ለብሶት ሄዷል። እናቴ ድንኳኑ መካከል ፎቶውን ከፍ አድርጋ ይዛ ቆመች። ከኮን ከተማ የመጡት አክስቶቼ መልኩን እየጠሩ ሊያለቅሱ ቀና ሲሉ የሚጠሩት መልክ አጡ። አንዷ ቀስ ብላ «ይኸ ማነው?» አለች። እናቴ ወደ አባቴ ዞረች።

«እኔን ምን ታይኛለሽ?» አላት፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት። «ቁጥሩን የጠራችው ልጅሽ ናት።»

ድንኳኑ በሙሉ ዞሮ አየኝ። እናቴ ከዚያ በኋላ እስከ ክረምቱ ድረስ ስሜን አልጠራችም።

ክረምት ላይ፣ ዝናቡ ቤት ሲያውለን፣ እንደምንም ደፍሬ ጠየቅሁት። «አባዬ፣ የእርስዎ ዓይን ተሳስቶ አያውቅም። ያን ቀን አልታየዎትም?»

ሌንሱን እየወለወለ «ታየኝ» አለ። «አምስት ነጥብ ስድስት ነበር። አንድ ጊዜ ካልጎዳሽ አትማሪም ብዬ ነው።» ከዚያ ሌንሱን አስቀመጠ። «ይመለሳል ብዬ ነበር» አለ። አባቴ አሁን አፈር ለብሷል፤ እኔ ግን ይቅር አላልኩትም።

ዛሬ ስልኬ ጥላም ቁጥርም አይጠይቀኝም፤ ፊት ካለበት ራሱ ፈልጎ ቢጫ ሳጥን ያደርግበታል፣ የእህቴን ልጆች እየሮጡም ቢሆን አይስታቸውም። ባለፈው ገና እናቴ «ከልጄ ጋር አንሺኝ» ብላ ያንን ፎቶ ደረቷ ላይ ይዛ ተቀመጠች። ስልኩን ቀና አደረግሁ። ሳጥኑ የእናቴ ፊት ላይ ዐረፈ። ሌላኛውን እስኪያገኝ ጠበቅሁት፣ ጠጋም አልኩ፣ ራቅም አልኩ፤ አላገኘውም። አነሳሁ።

«ሁለታችንንም አነሳሽን?» አለችኝ።

«አዎ እማዬ» አልኳት። «ሁለታችሁንም።»