በቀይ ሪባን የተቀየሰ መንገድ

ብስክሌት መንዳት አልችልም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ በምዕራብ ሐረርጌ ተራሮች ላይ የሦስት ቀን የብስክሌት ውድድር መንገድ የቀየስኩት እኔ ስለሆንኩ ነው። አለቃዬ «ስፖርት ነው አይደል የተማርከው?» ሲለኝ አዎ አልኩት። የተማርኩት መረብ ኳስ ነው። የቱን ስፖርት እንደሆነ እሱም አልጠየቀኝም፣ እኔም አልነገርኩትም።

ያልነገርኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ጭሮ ስፖርት ጽሕፈት ቤት ከተመደብኩ አራተኛ ዓመቴን ይዤ ነበር። ባለቤቴ ደብረ ማርቆስ ነርስ ናት። ልጃችን ስትወለድ ሁለት ሳምንት አብሬያቸው ሰንብቼ ተመለስኩ፤ ከዚያ በኋላ ዳዴ ስትል አንድ ጊዜ አየኋት። ከዚያ ወዲያ መንገዱ አንዴ ሲከፈት አንዴ ሲዘጋ፣ ፈቃዴም አንዴ ሲፈቀድ አንዴ ሲሰረዝ ሁለት ዓመት ሳልሄድ ቀረሁ። ልጄ የምታውቀኝ በስልክ ብቻ ነው። የእናቷን ስልክ አንስታ ፎቶዬን መንካት ተምራለች፤ ስትነካው እኔ ጋ ይጠራል። እንግዳ መጥቶ «አባትሽ የት ነው?» ካላት ወደ ቴሌቪዥኑ ጠረጴዛ ትጠቁማለች፤ ስልኩ ቻርጅ የሚደረገው እዚያ ነው። አፏን ከፈታች ጀምሮ የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ «አባዬ፣ የት ደረስክ?» ትለኛለች። እኔም «መንገድ ላይ ነኝ» እላታለሁ። አንድ ቀን እንኳ ተጠራጥራኝ አታውቅም።

አለቃዬ ይህንን ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ ነው ቢሮው ጠርቶ ስልኩ ላይ ያገኘውን ቪዲዮ ያሳየኝ። ፈረንጆች ባርኔጣ እንደ ድስት ደፍተው፣ ጭቃ ለብሰው፣ በብስክሌት ገደል ይወርዳሉ። ለዚህ ደግሞ ገንዘብ ይከፍላሉ።

«ተመልከት» አለኝ። «ዳገት፣ ድንጋይ፣ ጭቃ። ከነዚህ ውስጥ እኛ ጋ የጎደለ አለ?»

የጎደለ አልነበረም።

«የመጀመሪያው ቀን ከጭሮ መሰላ፤ ሁለተኛው ቀን በሌላ በኩል ተመልሰው ጭሮ፤ ሦስተኛው ቀን ከጭሮ በደሳ ከተማ። በአስፋልት አይደለም፣ በእግር መንገድ። አንተ መንገዱን ትቀይሳለህ። ውድድሩ ያለ እንከን ካለቀ፣ የዝውውር ወረቀትህን በዚያው ሳምንት እፈርማለሁ።»

ሊፈርም የሚችል ሰው እንዲህ ሲለኝ ብስክሌት አልችልም ማለት ለእኔ እብደት ነበር።

ገበያ ወጥቼ ለመንገድ ምልክት የሚሆን ሪባን ፈለግሁ። የተገኘው ሙሽራ መኪና ላይ የሚታሰር ቀይ ሪባን ብቻ ነው። ነጋዴዋ ሃያ ጥቅል ስገዛት ስንት መኪና እንደሚያጅበኝ ጠየቀችኝ። ሪባኑን በጆንያ ተሸክሜ፣ ማስታወሻ ደብተሬን ይዤ በእግሬ ተነሳሁ። በየሃምሳ እርምጃው ዛፍ ላይ ወይም የጫት ማሳ አጥር ላይ አስራለሁ፤ ከዚያ ቆሜ እጽፋለሁ። ብስክሌት የቱን ዳገት እንደሚወጣ ስለማላውቅ፣ እኔ የወጣሁትን ሁሉ ይወጣል ብዬ ደመደምኩ። ሁለት ቦታ ላይ በእጄም በጉልበቴም ነው የወጣሁት።

ሕዝቡ ግን እንዴት ያለ ሕዝብ ነው። ባለፍኩበት ሁሉ ውኃ ያቀርቡልኛል፣ ወተት ያቀርቡልኛል፣ ምሳ ካልበላህ አታልፍም ይሉኛል። አንዱ ሪባን እንዳስርበት ቅርንጫፍ ጎንበስ አድርጎ ይይዝልኛል፤ ሌላው ከድንጋይ ላይ ደግፎ ያወርደኛል። ምን እየሠራህ ነው ብሎ የጠየቀኝ አንድም ሰው የለም። ማስታወሻዬ ላይ «የአካባቢው ኅብረተሰብ ለስፖርት ያለው ፍቅር ከፍተኛ ነው» ብዬ ጻፍኩ። ያንን ደብተር እስካሁን አልጣልኩትም፤ ራሴን ማድነቅ ስጀምር አወጣና አነበዋለሁ።

ሳምንት ቆይቶ ውድድሩ ተጀመረ። ከከተማችን ዘጠኝ ወጣቶች፣ ከድሬዳዋ ደግሞ ባርኔጣና ጓንት ያላቸው ሁለት እውነተኛ ብስክሌተኞች ተሰለፉ። በጠዋት ጭሮ ላይ አስነስተናቸው እኔና አለቃዬ በመኪና ቀድመን መሰላ ገባን። ድንኳን ተተክሏል፣ የድምፅ ማጉያው ይጮሃል፣ ሽማግሌዎች ወንበር ይዘዋል።

ረፋዱ ላይ አንዱ ልጃችን ብቻውን ከች አለ። የዚያው አገር ተወላጅ ነው፤ ሪባን ምናምን ሳያይ አያቱ ቤት በሚሄድበት መንገድ ነው የመጣው። ሕዝቡ ሊያጨበጭብ ሲል አለቃዬ እጁን አንስቶ አስቆመ።

«ሌሎቹ የት አሉ?»

«እኔ እንጃ ጋሼ። ከኋላ ናቸው።»

«አሥር ሰው ከጠፋ የጠፋኸው አንተ ነህ» አለው አለቃዬ። «ተመለስና በሪባኑ ና።»

ልጁ እኔን አየኝ። እኔ ደግሞ የዝውውር ወረቀቴን እያሰብኩ መሬት መሬቱን አየሁ። ብስክሌቱን አዙሮ ሄደ። እስከ ዛሬ ሳገኘው ሻይ የምጋብዘው በዚህ ምክንያት ነው።

ቀትር አለፈ። ስምንት ሰዓት ሆነ። ሽማግሌዎቹ አንድ ባንድ ለሶላት ተነሥተው ሄዱ። አለቃዬ እስክሪብቶውን ከደረት ኪሱ አውጥቶ ወደ ውስጥ ኪሱ ሲያስገባ አየሁት። ያኔ ነው ያመመኝ። አንድ ባለ ሞተር ለምኜ ከኋላው ተፈናጥጬ ሪባኔን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው መከተል ጀመርኩ።

የመጀመሪያዎቹ ሪባኖች እንዳሰርኳቸው ነበሩ። ከዚያ መንደር ስንደርስ መንገዱ ወደ ግራ ታጠፈ። እኔ ወደ ግራ አጥፌ አላውቅም። ሪባኑ በአንድ ቤት ደጃፍ ያልፋል፣ በረቱን ይዞራል፣ ጓሮ ይገባል፣ ተመልሶ በሌላ ቤት ደጃፍ ይወጣል። ከዚያ ወደ መስጊዱ ይወጣል፤ ከመስጊዱ ወደ ምንጩ ይወርዳል፤ ከምንጩ እንደገና ወደ መስጊዱ። አንድ ቦታ ላይ በኩሬ መሀል አቋርጦ ነበር፤ በዚህ ዳር አንድ ሪባን፣ በዚያ ዳር አንድ ሪባን። ባለ ሞተሩ ዞሮ «ይሄን አንተ ነህ ያሰርከው?» አለኝ። አዎ ልበል አይደለም ልበል ጨነቀኝ።

ተወዳዳሪዎቹን ትልቅ ዋርካ ሥር አገኘኋቸው። ብስክሌቶቹ ተደርድረው ቆመዋል፤ እያንዳንዱ መሪ ላይ አንድ እስር ጫት በስጦታ ታስሯል። ሁሉም በእጁ ወተት ይዟል። መሰላ ላይ የመለስነው ልጅም እዚያው ነው፤ በሪባኑ ሲመጣ እሱም ተይዟል። ከባለ ባርኔጣዎቹ የድሬዳዋ ልጆች አንዱ ሲያየኝ ኩባያውን አስቀመጠ።

«አሠልጣኝ፣ ያቺን ቀይ ላም ታያታለህ?»

«አያታለሁ።»

«ዛሬ አራት ጊዜ አልፌያታለሁ። አሁን ታውቀኛለች።»

ከዋርካው ሥር አንድ ሽማግሌ ተነሡ። ሪባን ሳስር ምሳ ያበሉኝ ናቸው። በዚያ አገር ደብተር የያዘ ሰው ሁሉ ባርሲሳ ይባላል፣ መምህር ማለት ነው፤ እኔንም እንደዚያው ነበር የሚጠሩኝ።

«ባርሲሳ፣ አኸም። እንኳን ደህና መጣህ። ሰዎችህ ጎበዝ ናቸው፤ ሁሉ ቤት ለክተዋል።»

«ምን ለኩ አባቴ?»

«መንገዱን ነዋ።»

ነገሩ ቀስ እያለ ገባኝ። ከዓመታት በፊት ደብተር የያዙ ሰዎች መጥተው ከታች ባለው ሸለቆ ቀይ ጨርቅ አስረው ነበር። ጨርቁ በታሰረበት በኩል መኪና መንገድ መጣ። የዚያ ሸለቆ ሰው ዛሬ ጫቱን ሳይጠወልግ ገበያ ያደርሳል፤ የእነዚህ ግን በአህያ ወርዶ ጭሮ ሲደርስ ቅጠሉ ተኮራምቶ ነው። እና እኔ ደብተር ይዤ፣ ቀይ ይዤ መጣሁ። የሚጠየቅ ምን አለ?

«አንተ ስትሄድ የመንደራችን የታች ሰፈር ሰዎች ጨርቁን ወደ እነሱ አዞሩት» አሉኝ። «እኛ መለስነው። እነሱ ደግሞ አዞሩት። እኛ ደግሞ መለስን። ወላሂ፣ ሳምንት ሙሉ ሥራ ፈታን። ኋላ ሽማግሌ ተቀመጠና ታረቅን። ማንም እንዳይቀር፣ በሁሉም ሰው በር ይለፍ አልን።»

«ብስክሌቶቹስ ምን መሰሏችሁ?»

«የበፊቶቹ በሚዞር ጎማ ነበር የለኩት። ጎማው ሲዞር ይቆጥራል። ያንተ ደግሞ ሁለት ሁለት ጎማ አለው፤ መንግሥት አሻሽሏል አልን። ደጃፋችን በደንብ እንዲቆጠር እያንዳንዱ ቤት አንድ አንድ ጊዜ እንዲዞሩ አደረግን።»

ውድድር መሆኑን ነገርኳቸው። በዕርጋታ አዳመጡኝ።

«ማን ቶሎ እንደሚደርስ ለማየት?» አሉ።

«አዎ።»

«ከዚያስ? ሲደርስ ምን ያደርጋል?»

ይህን አለቃዬም የሚያውቅ አይመስለኝም።

ተወዳዳሪዎቹ መሰላ የገቡት ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው፤ ከኋላቸው ግማሽ መንደር ተከትሏል። የሁለተኛውና የሦስተኛው ቀን ውድድር በድካም ምክንያት ተሰረዘ። በደሳ ላይ በሬ አርደው የጠበቁን ሰዎች እስካሁን በክፉ ያነሱኛል። እኔ ዝውውሬ አለቀለት ብዬ ማታውኑ ጭሮ ተመልሼ ክፍሌ ገባሁና በሩን ዘጋሁ። ስልኬ ጠራ። «አባዬ፣ የት ደረስክ?» መንገድ ላይ ነኝ ማለት አቃተኝ፤ እንቅልፍ ይዞኛል አልኳት።

በማግስቱ አለቃዬ አስጠራኝ። ሪፖርቱን ጽፎ ጨርሷል። «የኅብረተሰብ ተሳትፎ ከተጠበቀው በላይ» ይላል። የበላይ አካል በጣም ተደስቷል። እስክሪብቶውን አወጣና ወረቀቴ ላይ ፈረመ። «ነገ ማኅተም ይመታበታል» አለኝ። እጁን ስጨብጠው አልለቀው ብዬ አሳፈርኩት። ያን ቀን ከሰዓት ሻንጣዬን ሸከፍኩ፤ ለልጄ ሮዝ ጫማ ገዛሁ። ቁጥሯን ስለማላውቅ በግምት ነው የገዛሁት።

በነጋታው ማኅተሙ ከመመታቱ በፊት ሽማግሌዎቹ የቢሮውን በር ሞሉት። ሁለት ገጽ ሙሉ የአውራ ጣት አሻራ ይዘዋል። ማመልከቻው አጭር ነው፤ ይህ ሰው መንገዳችንን ጀምሮልናል፣ ሳይጨርስ እንዳይወስዱብን ይላል። አለቃዬ አነበበው። ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«የሕዝብ ልጅ ሆነሃል!» አለኝ፤ ወረቀቴንም መሳቢያ ውስጥ አስገብቶ ቆለፈ።

ደሜ ፈላ። ባጃጅ ተሳፍሬ፣ ባጃጁ ከሚቆምበት ደግሞ በእግሬ ዳገቱን ወጥቼ ሽማግሌው ቤት ደረስኩ። አቤቱታውን እንዲያነሡ ልነግራቸው ነው። ቤት የሉም። ከመንደሩ ሰው ሁሉ ጋር ወጥተው በሪባኑ ዳር ዳር መሬት ይቆፍራሉ። ድንጋይ ይፈነቅላሉ፣ ሴቶቹ አፈር ያመላልሳሉ። መንግሥት እስኪመጣ አልጠበቁም፤ ከተለካ በቃ።

«አባቴ፣ ልጅ አለችኝ» አልኳቸው። «ሁለት ዓመት አላየኋትም። ለምን እንዲህ አደረጉኝ?»

ዶማቸውን ተደገፉ።

«ያንን ድንጋይ ታየዋለህ?» አሉኝ። «አምና ምራቴን በቃሬዛ ስናወርድ እዚያ ወለደች። ዝናብ ነበር። ልጅቷ ደህና ናት፣ አልሐምዱሊላህ፤ ያቺ ናት አፈር የምትበላው። አንተም ትሄዳለህ፣ ማን ከለከለህ። መንገዱ ሲያልቅ ትሄዳለህ። አሁንማ በምን ትሄዳለህ?»

ስድብ አዘጋጅቼ ነበር የወጣሁት። ልጅቷ አፈሯን ስታኝክ አየኋት። ዶማ ስጡኝ አልኩ። ለሥራው ፍቅር ኖሮኝ አይደለም፤ ቶሎ እንዲያልቅ ነው። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ እቆፍራለሁ። መንገዱ ግን በሁሉም ሰው በር ካላለፈ አይሆንም ተብሏል፤ በዚህ ላይ ከላይ ያሉት መንደሮች ሰምተው ወደ እኛም ይምጣ ብለው ሪባን ይዘው ወርደዋል። አሁን አንድ ባጃጅ ይገባል፤ ተሳፋሪው ሁሉንም ጎረቤት ሰላም ሳይል ቤቱ አይደርስም። ወረቀቴ ከመሳቢያው አልወጣም።

በክረምት ባለቤቴ የዓመት ፈቃዷን ወሰደች። «አንተ ካልመጣህ እኛ እንመጣለን» አለችኝ። ወደ እኔ መምጣታቸውን ለልጅቷ አልነገረቻትም ነበር፤ መንገዱ ቢዘጋ እንዳታለቅስ።

መናኸሪያ ከጠዋት ጀምሬ ቆሜ ዋልኩ። ጢሜን ተላጭቻለሁ፣ ሮዙን ጫማ በፌስታል ይዣለሁ። አውቶቡሱ ከሰዓት በኋላ ገባ። ባለቤቴ ወረደች፤ ሳላስበው ሮጬ አቀፍኳት። ቀና ስል ልጄ ከእናቷ ቀሚስ ጀርባ ቆማ ታየኛለች። እጄን ዘረጋሁላት። ወደ ኋላ አፈገፈገች፣ ፊቴን አየች፣ ፌስታሉን አየች። ከዚያ የእናቷ ቦርሳ ውስጥ እጇን ከትታ ስልኩን አወጣች።

ኪሴ ውስጥ ጠራ። አንስቼ ጆሮዬ ላይ አደረግሁት።

«አባዬ» አለችኝ፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «አንድ ሰውዬ እማዬን አቀፋት።»

«አይዞሽ» አልኳት።

«የት ደረስክ?»

ሁለት እርምጃ ነው የምንራራቀው።

«ደርሻለሁ» አልኳት። «ዙሪና እዪ።»