ሽማግሌው ዶላር በአዝማሪ ግንባር ላይ

የድሮ የአሜሪካ የወረቀት ገንዘብ መሰብሰብ የጀመርኩት ሮም ነው፤ ፖርታ ፖርቴዜ በሚቆመው የእሑድ ገበያ። ሰው ያረጀ ጫማ ሊገዛ ይሄዳል፣ እኔ ያረጀ ዶላር። የድሮው ዶላር ከአሁኑ በጣም ይሰፋል፤ ሰብሳቢዎች «የፈረስ ብርድ ልብስ» ይሉታል። ከሁሉ የምወደውን አንዱን በፕላስቲክ አድርጌ በኮቴ የውስጥ ኪስ ይዤው ስዞር፣ ባለቤቴ «እኔን እንኳ እንዲህ አቅፈኸኝ አታውቅም» ትለኝ ነበር። እውነቷን ነው። እሷ ግን አትቀደድም።

አንድ ቅዳሜ ሮም አጠገብ ኦስቲያ የሐበሻ ሰርግ ተጠራን። ዶላሬን ከፕላስቲኩ አውጥቼ አጠገቤ ለተቀመጡት ሳሳይ፣ ከሙሽራው በላይ የተደሰተው የሚስቴ ወንድም ከእጄ ላፍ አደረገው። ምራቁን ቀባ አድርጎ ሮጠና ማሲንቆ በሚመታው አዝማሪ ግንባር ላይ ለጠፈው።

ነፍሴ ከሥጋዬ ተለየች። የአዝማሪው ላብ እንደ ቴቬሬ ወንዝ ይፈሳል፤ ዶላሬ ደግሞ ቅንድቡን አልፎ አንድ ዓይኑን ሸፍኗል። ከአዝማሪ ግንባር ላይ ገንዘብ ያነሳ ሐበሻ ወሬው ከእሱ ቀድሞ አዲስ አበባ ይገባል።

«ምን አደረግህ አንተ?» አልኩት አማቼን።

«ሸለምኩልህ። ግራትሲዬ በለኝ።»

አዝማሪው በተረፈው ዓይኑ ሽቅብ አየና ዘፈነ፦

ዶላር መስሎኝ ነበር ግንባሬን የሞላው፣
ለካስ መሐረብ ነው ላቤን የሚበላው።

አዳራሹ ሳቀ። እኔ ግን ዶላሬ ሲሟሟ ታየኝ። ያኔ አንድ መላ መጣልኝ፤ እንግዳ «ተቀበል» ብሎ ግጥም ከሰጠው፣ አዝማሪ የተባለውን ሳያጎድል መዝፈን አለበት። በአዳራሹ ካሉት ሴቶች ግማሾቹ እንጀራቸው ባዳንቴነት ነው፣ የጣሊያን ሽማግሌ መጦር። እስክስታ እየመታሁ ተጠጋሁት፤ ትከሻዬ በዕድሜዋ እንዲያ ታዝዛኝ አታውቅም።

«ተቀበል» አልኩት፦

ሽማግሌ ዶላር ግንባሬ ላይ ወድቆ፣
ለባዳንቴው ልስጠው ሳይሞት በላብ ታንቆ።

አዝማሪው ቃል ሳያጎድል ዘፈነው፤ በሳቅ ወንበሩ ላይ የቀረ ሰው የለም። አንዷ ባዳንቴ ከኋላዬ፣ «ለመሆኑ ኮንትራት አለህ?» አለችኝ።

አዝማሪው በገዛ አፉ ዘፍኖታልና ቃሉን መብላት አልቻለም። ዶላሩን በሁለት እጁ ከግንባሩ አንስቶ ጎንበስ ብሎ ሰጠኝ።

«ሽማግሌውን ይውሰዱ፣ ጋሼ» አለኝ ጆሮዬ ሥር። «ለእኔ ግን ወጣት ያምጡልኝ።»

ኪሴ ውስጥ የተገኘውን የዩሮ ወጣት ሁሉ ግንባሩ ላይ ደረደርኩለት። ሽማግሌዬን በናፕኪን ደግፌ ወደ ጠረጴዛችን ስመለስ ባለቤቴ ማራገቢያዋን ዘርግታ ጠበቀችን። ኬኩ እስኪቆረስ ተራ በተራ አራገብንለት። ተጨማደደ እንጂ ቀለሙ አልለቀቀም።