የባለቤቴ እግርና የአንዲት እናት ደብዳቤ

ፊደል ያስተማረኝ ሰው የለም። አጎቴ ቤት ግድግዳው ላይ አሮጌ ጋዜጣ ተለጥፎ ነበር። እሱን እያየሁ፣ አንዱን ፊደል ከዲያቆን፣ ሌላውን ከመንገደኛ እየጠየቅሁ በአንድ ክረምት ማንበብ ቻልሁ። ከዚያም ይጁቤ ላይ፣ ከወረዳው ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት ባለው ባሕር ዛፍ ሥር ጠረጴዛ ዘርግቼ ሠላሳ ዓመት ማመልከቻ ስጽፍ ኖርሁ። የመሬት ክርክር ያለባቸው ሰዎች እኔን ብለው ከቁይ ድረስ ይመጡ ነበር። እኔ የጻፍሁትን ዳኛ ሳያነብ አልፎት አያውቅም። ይህን የምለው ለመመካት ብቻ አይደለም፤ ያ ሁሉ ችሎታ ለገዛ ቤቴ እንዳልበቃ ለመናገርም ነው።

ባለቤቴ እግሯ ያብጥ ነበር። መጀመሪያ ጣቶቿን አሳከካት፤ ቀጥሎ ቁርጭምጭሚቷ ሞላ፤ በኋላ ሁለቱም እግሮቿ እስከ ጉልበት ወፈሩ። በየጊዜው ትኩሳት ይጥላታል። በእኛ አገር ይህን በሽታ ዝሆኔ ይሉታል፤ በዘር ይወርዳል ስለሚባል ግን በገዛ ቤቱ ስሙን የሚጠራው የለም። ጸበል አመላለስኋት፤ ጋብ ይልላትና መልሶ ይነሣባታል። ገበያ መውጣት ተወች፤ ከዚያ ለቅሶ መድረስም ተወች። ለቅሶ የቀረ ሰው ደግሞ በእኛ ዘንድ ከሰው አይቆጠርም። ጎረቤት "የጸሐፊ ሚስት ሆና ኮራች" እያለ አማት። እሷም ከመታየት መታማትን መረጠች።

በዚያ ላይ ልጃችን ለትዳር ደርሳ ነበር። ከመርጡለ ማርያም በኩል ደህና ቤተሰብ ሽማግሌ ሊልክ አስቧል የሚል ወሬ ደረሰን። ሽማግሌ ሲመጣ ዘር ይጠይቃል። "የእኔ እግር ከታየ የልጄ ትዳር ቀረ" እያለች ታለቅስ ነበር።

ብዕሬን አነሣሁ። ለእንዲህ ያለ በሽተኛ ድጋፍ የሚሰጥ ቤት ካለ እንዲጠቁሙኝ ለቀበሌው፣ ለወረዳው፣ ማርቆስ ላለው ለዞኑም ጻፍሁ። እንደዚያ ያማረ ማመልከቻ ከዚያ በፊትም በኋላም አልጻፍሁም። ነገር ግን ወሬው እንዳይወጣ ብዬ በሽታውን "ስሙን መጥቀስ በማይገባ ጽኑ ሕመም" ብዬ አለፍሁት። ከስንት ወር በኋላ በቀይ እስክሪፕቶ "የሕመሙ ዓይነት ስላልተገለጸ ወዴት እንደምንልክዎ አላወቅንም" ተብሎ ተመለሰልኝ። "የዛሬ ዘመን ሹም ማንበብ አይችልም" ብዬ ተቆጣሁ።

ሚሊኒየሙ በተከበረ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዓመት፣ በገበያ ቀን፣ አንዲት አሮጊት መጥተው ከጠረጴዛዬ ፊት ተቀመጡ። ያን የሚያህል ሰፊ የቆዳ ጫማ በሰው እግር አይቼ አላውቅም።

"ልጄ፣ የምስጋና ደብዳቤ ጻፍልኝ።"

"የምን ምስጋና?" አልኋቸው። በዚያ ሁሉ ዓመት ክስና አቤቱታ እንጂ ምስጋና ጻፍልኝ ያለ ሰው አልገጠመኝም።

"ማርቆስ እግሬን ላጠቡኝ ልጆች ነው። 'በዝሆኔ ታምሜ ሳለሁ' ብለህ ጀምር።"

ብዕሬ ቆመ። "እናቴ፣ 'በጽኑ ሕመም' ብንለው አይሻልም?"

"ምነው? ያበጠው እግሬ እንጂ አፌ አይደለም! ያልሁህን ጻፍ።"

ወረፋ የያዙት ሰዎች ሳቁብኝ። ጻፍሁ። ከጤና ጣቢያው ጓሮ ባለች ትንሽ ቤት በየወሩ እንደሚሰበሰቡ፣ በረኪና ጠብ በተደረገበት ውሃ እግራቸውን ዘፍዝፈው በሳሙና እንደሚያጥቡ፣ ቫዝሊን ተቀብተው በፋሻ እንደሚጠቀልሉ፣ ጫማም በልካቸው እንደተሰፋላቸው እሳቸው ሲነግሩኝ እኔ ጻፍሁ። ትኩሳቱ ከተዋቸው ዓመት አልፏል። ስጨርስ "ደብዳቤውን እኔው ራሴ አደርስልዎታለሁ" አልኋቸው።

በማግስቱ ባለቤቴን ይዤ በመጀመሪያው አውቶቡስ ማርቆስ ገባሁ። ቤቲቱን ለማግኘት አልተቸገርሁም፤ ለማመልከቻው ስመላለስ ስንት ጊዜ በአጥሯ ሥር አልፌያለሁ! አንዲት ወጣት ነርስ ሳፋ ይዛ መጣችና ከባለቤቴ እግር ሥር በርከክ አለች። ባለቤቴ እግሯን ሰበሰበች።

"ተይ ልጄ፣ አትንኪው። ይሸታል።"

"የእናቴም እግር እንዲሁ ነበር፣ እማማ። ያምጡት።"

ባለቤቴ በነጠላዋ ፊቷን ሸፍና አለቀሰች። ለስንት ዓመት ያን እግር የነካ ሰው አልነበረም፤ እውነቱን ልናገርና እኔም አልነካሁትም።

ዝም ማለት ስለማልችል "ይህ እንኳ የዘር ነው" አልሁ።

ነርሷ ቀና ብላ አየችኝ። "በዘር ቶሎ የሚይዘው ሰው ይኖራል፣ አባባ። ያለ አፈሩ ግን አይመጣም። በዚህ በቀዩ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግሩ የሄደ ሰው ነው የሚታመመው። እርስዎ ጫማ ያደረጉት መቼ ነው?"

"ጠረጴዛዬን የዘረጋሁ ዕለት ነዋ! ጸሐፊ በባዶ እግሩ አይከበርም።"

"እማማስ?"

እሷ እርሻ ላይ ስታርም፣ ወንዝ ስትወርድ፣ እንጨት ስትለቅም ሁልጊዜ በባዶ እግሯ ነበረች። ነርሷ ግን አልወቀሰችኝም፤ ሳሙናውን አቀበለችኝና "ይኼኛውን እርስዎ ያጥቡ" አለችኝ። አጠብሁ። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ አጥቤያለሁ፤ እንደ እኔ አድርጎ የሚያጥብ ባል በጎጃም ካለ ይምጣና ያሳየኝ። እግሯ ሙሽሽ አለ፤ ትኩሳቱም ራቀ። ጫማዋ የተሰፋላት ቀን ሳቀች፤ ከተጋባን ጀምሮ እንዲያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም። እነዚያን ልጆች እግዚአብሔር ይስጣቸው።

ሽማግሌዎቹ ጥር ላይ መጡ። "ለዛሬ ብቻ ከጓዳ አትውጪ" ብዬ ለመንኋት። አልሰማችኝም። እንግዳ እግሩ ይታጠባል፤ ማስታጠቢያውን ራሷ ይዛ፣ ያን ሰፊ ጫማዋን እንዳደረገች ወጣች። እኔ ላብ አጠመቀኝ። ከሙሽራው አያት ጀመረች፤ ጣቶቻቸውን ስታሽ ቆየችና እጇን ገታች።

"አባቴ፣ ይህ እግርዎ ያሳክክዎታል?"

"ማን ነገረሽ?"

"ያቃጥልዎታልም?"

ሽማግሌው ጓደኞቻቸውን ገልመጥ አድርገው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ከክረምት ወዲህ።"

"የእኔም እንዲሁ ነው የጀመረኝ።" ቀሚሷን ከፍ አድርጋ አሳየቻቸው። "ዝሆኔ ነው። ሳይብስ ከደረሱበት ይገታል።"

ሽማግሌው እግሯን አዩ፤ ቀጥሎም የገዛ እግራቸውን። "ይህን ጫማ ማን ሰፋልሽ?" አሏት በመጨረሻ። በዚያ ቀን ዘር የጠየቀ የለም። ሠርጉ ለፋሲካ ማግስት ተቆረጠ።

በሚቀጥለው የቀጠሮዋ ቀን አያትየው ከመርጡለ ማርያም ድረስ መጡ። እኔም ካባዬን ደርቤ ተነሣሁ፤ ከሐኪም ጋር የሚነጋገር አዋቂ ሰው ያስፈልጋቸዋል ብዬ።

"እርስዎ ከጠረጴዛዎ ይዋሉ" አለችኝ ባለቤቴ። "መንገዱን እኔ አውቀዋለሁ።"

እሷ ከፊት፣ ሽማግሌው ከኋላ ሆነው ወደ አውቶቡሱ ሄዱ።