ድንኳኑን ለማን ጣላችሁት?

ዛሬ እሪ በከንቱ ሰፈር፣ የእድራችንን ድንኳን መንገድ ዳር ተተክሎ ያዩ አንዲት እናት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እያለቀሱ ገቡ።

ውስጥ ያገኙት ድስት፣ አግዳሚ ወንበርና እኛን አራት ሰዎች ብቻ ነው።

እድራችን ዕቃ የሚያስቀምጥባትን የቀበሌ ቤት በትንሽ ኪራይ ይዞ ኖሯል። ውሉ ስላለቀ ባለፈው ሳምንት ከሊቀመንበራችን ከጋሽ ወልዴ ጋር ለማሳደስ ወረዳ ሄድን።

"ከአባሎቻችሁ ስንቱ ነው እዚህ ወረዳ የሚኖረው?" አለን ኃላፊው።

ጋሽ ወልዴ መዝገቡን ገልጠው ጥቂት ስም ብቻ ቆጠሩ። ሰፈሩ ከፈረሰ ወዲህ ሰዉ በየኮንዶሚኒየሙ ተበትኗል። ለቅሶ ሲኖር ግን ሦስት ታክሲ እየቀያየረም ቢሆን ይመጣል። ቅጹ ላይ ይሄን የሚጠይቅ ቦታ የለም።

"የሚታደሰው ለነዋሪ ነው፤ ቤቱን አስረክቡ" አለን ኃላፊው።

ዛሬ ዕቃውን አወጣን። ዝናብ ሲመጣ ድንኳኑን ለድስቶቹ ጣልንላቸው። (ለድስት ድንኳን የጣለ የመጀመሪያው እድር ሳንሆን አንቀርም።)

"ማነው የሞተው፣ ልጄ?" አሉኝ እናትየዋ።

"ማንም" ልላቸው ስል ጋሽ ወልዴ ቀደሙኝ፤ "ይቀመጡ እናቴ" ብለው ወንበር ሳቡላቸው። ተቀመጡ።

እናንተስ፣ ከሰፈር ስትነሱ እድራችሁ ምን ሆነ? ንገሩን፤ ድንኳኑ ውስጥ ቁጭ ብለናል።